የቨርና የገና ዝርዝር

ቨርና መጋዙን ጥርሱን ወደ ላይ አድርጋ በሁለት ጣውላ መሃል ታስገባና በሞርሳ ታጠብቀዋለች። ጥርሱ ብዙ ብቅ ካለ ስለሚንቀጠቀጥ ጥቂት ብቻ ታሳየዋለች። ብናኝ እንዳይሰነቀርበት ሞረዱን ጠመኔ ትቀባዋለች። ከዚያ ሦስት ጊዜ ወደ ፊት ትገፋለች፤ ስትመልስ ታነሣዋለች እንጂ አትጎትትም። አንዱን ጥርስ ሞርዳ አንዱን ትዘላለች። ዳር ስትደርስ መጋዙን ታዞርና የዘለለቻቸውን ትጀምራለች።

ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ኒው ብራንስዊክ ውስጥ፣ በእንጨት ቆራጮች መንደር፣ አርባ ዓመት የሰው መጋዝ እየሳለች ኖራለች።

አምና ዘመዶቿ ለገና ምን እንስጥሽ ሲሏት፣ በጨዋነት "ምንም አያስፈልገኝም፤ አትቸገሩ" አለች። ተዋጥተው ወደ ኋላ የሚንጋለል ትልቅ ወንበር ገዙላት። ወንበሩ ቦታ ሲያጣ ልጇ ክላይቭ የሥራ ጠረጴዛዋን ከመስኮቱ ሥር አንሥቶ ምድር ቤት አወረደው። የደነዘ ጥርስ የሚለየው በብርሃን ነው፤ ምድር ቤቱ ደግሞ ጨለማ ነው። ደንበኞቿም "ቨርና አቆመች" ብለው መቅረት ጀመሩ።

ዘንድሮ ኅዳር ላይ የእህቷ ልጅ ጆሊን ደወለች።

"አክስቴ፣ ለገና ምን ይምጣልሽ? ደግሞ ምንም እንዳትዪ!"

"ስለጠየቅሽኝ ተባረኪ። እስክሪብቶ ያዢ። ካንቺ ሦስት ማዕዘን ሞረድ፣ ቀጭኑን፤ አንድም ቢሆን ይበቃኛል። ከእህትሽ ጠመኔ። ከክላይቭ የሚገዛ ነገር አልፈልግም። ጠረጴዛዬን ያውጣልኝ።"

"ሲሰማ ይፈነዳል!"

"ይፈንዳ። መጀመሪያ ግን ያውጣ።"

እሑድ ክላይቭ ራሱ መጣ። "እማ፣ ይሄ ስጦታ ነው የሥራ ትእዛዝ? እረፊ አይደል እንዴ ያልንሽ?"

"የምፈልገውን ጠየቃችሁኝ፣ ነገርኳችሁ። እናንተ የምትፈልጉትንማ አምና ሰጥታችሁኛል።"

"ብትወድቂስ?"

"የምወድቀው ደረጃው ላይ ነው። በቀን አሥር ጊዜ የምታስወርደኝ ደግሞ አንተ ነህ።"

ክላይቭ ደረጃውን ቁልቁል አየው።

"ወንበሩስ?" አለ በመጨረሻ።

"ግሩም ወንበር ነው፣ አመሰግናለሁ። ደንበኛ ተራውን ይጠብቅበታል።"

ለገና ዋዜማ ጠዋት ክላይቭና የጆሊን ባል እያለከለኩ ጠረጴዛውን አወጡት። ቨርና ከላይ ቆማ "ግድግዳዬን እንዳትፍቁት!" ትል ነበር። ከሰዓት በኋላ ሞርሳውን መልሳ አሠረችው።

እናንተም መጋዝ ካላችሁ አምጡላት፤ አላቆመችም። አንድ ነገር ብቻ ትለምናችኋለች፦ መጋዙ ላይ የተጣበቀውን የዛፍ ሙጫ እቤታችሁ ጠርጋችሁ ኑ።