የቀኙ ጎማ

ባለፈው ሳምንት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ወዳለው ጋራዤ አንድ ወጣት ሹፌር ላንድክሩዘር ይዞ መጣ። የፊት ጎማው አልጎትት ብሎት ጭቃ ውስጥ ማደሩን ነገረኝ። ቦኔቱን አላስከፈትኩም፣ መፍቻም አላነሳሁም፤ ዞሬ ሄጄ የፊቱ ቀኝ ጎማ ሥር ቁጢጥ አልኩ። ሠራተኞቼ ይህን አመሌን ስለሚያውቁ ከኋላዬ ይሳሳቃሉ። ይሳቁ። የልጁ መኪና ችግር ሌላ ቦታ ነበር፤ እኔ ግን ቶሎ አልተነሳሁም።

ነገሩ ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ ክረምት ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ሴቻ ቢሮ የከፈተ አንድ የግብርና ፕሮጀክት በሹፌርነት ከቀጠረኝ ገና አራት ወሬ። ሥራዬ አለቆችን ከሴቻ ሲቀላ፣ ከሲቀላ ሴቻ ማመላለስ ነበር፤ አስፋልት ለአስፋልት። አንድ ቀን ዋናው ሹፌር ለቅሶ ሊሄድ ሆነና የአፕል ችግኝ ጭኜ ከዶርዜ በላይ ወዳለ መንደር እንድወጣ ታዘዝኩ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። አዲስ ሸሚዝ ሁሉ ለበስኩ። ዋናው ሹፌር አንድ አደራ ብቻ ሰጠኝ፤ ዳገቱን ሳትጀምር ወርደህ የፊት ጎማዎቹን ቆልፍ አለኝ።

ለማያውቅ ልንገር። የዚያ ዓይነት መኪና የፊት ጎማዎቹ መሃል ላይ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ አለው፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። ሁለቱም ካልተቆለፉ፣ ውስጥ ተቀምጠህ የአራቱን ጎማ ማርሽ ብታስገባ የፊቱ አይጎትትም። አንዱን ብቻ መቆለፍ ጨርሶ ካለመቆለፍ አይሻልም።

ዳገቱ ሥር ቆሜ የግራውን ቆለፍኩ። ወደ ቀኙ ልዞር ስል የአባቴ ወዳጅ የሆኑ ሽማግሌ ሙዝ የጫነ ጋሪ ይዘው ደረሱ። እኛ ዘንድ ለትልቅ ሰው ጎንበስ ብሎ እየሠሩ ሰላምታ አይመለስም፤ ነውር ነው። ቀና ብዬ፣ እጄን ጠርጌ፣ ሁለት እጄን ዘረጋሁ። አባቴን ጠየቁኝ፣ እናቴን ጠየቁኝ፣ እህቶቼን በየስማቸው ጠየቁኝ፣ ላሟ መውለዷንም አልረሱም። መርቀውኝ ሲሄዱ ቀጥታ መሪው ላይ ወጣሁ። እሳቸው ምን አጠፉ? ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

መንገዱ ደረቅ ስለነበር አወጣጤ ላይ ምንም አልሆንኩም። ችግኙን አራግፌ፣ ቆጮ በአይብና በዳጣ ቀርቦልኝ፣ አፌ እየተቃጠለ እየበላሁ ሳለ ጩኸት ሰማን። አንጁሎ የሚባል ሸማኔ የቤቱን ክዳን ሲያድስ ከላይ ወድቋል። የዶርዜን ቤት ያየ ሰው ቁመቱን ያውቀዋል። ደም አይታይበትም ነበር፤ ግን ከንፈሩ ነጥቷል፣ ሆዱ ተወጥሮ አያስነካም። ሚስቱ አስቴር መኪናዬን ስታይ እግዚአብሔር የላከው ነው አለች። አርባ ምንጭ ሆስፒታል ቶሎ ካደረስኩት ይተርፋል ብለን ሁላችንም አመንን። ከኋላ አጋደምነው፤ ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ያን ጊዜ ዝናቡ ጀመረ።

ዋናው መንገድ ሳንደርስ መኪናው ወደ ቀኝ ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ገባ። የቀኙን የፊት ጎማ ጭቃው ከወገቡ በላይ ዋጠው። ማርሹን አስገባሁ፤ የኋላው ብቻ ባዶውን ይሽከረከራል። ወርጄ የግራውን አየሁ፤ ተቆልፏል። ግራው ከተቆለፈ ቀኙ የት ይሄዳል አልኩ። አንድ ጎረምሳ ከሥር ገብቶ እንዲያይልኝ ለመንኩትና ነዳጅ ሰጠሁ። ወደ ፊት የሚሄደው ዘንግ ይዞራል አለኝ። እንግዲያው ዘንጉ እየዞረ ጎማው ካልዞረ፣ ጉልበቱን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍለው የፊቱ ዲፈረንሻል ጥርሱ ተበልቷል ብዬ ፈረድኩ። እጄን ጭቃው ውስጥ ከትቼ ቀኙን ብዳስሰው ኖሮ! እውነቱን ልናገር፣ ሸሚዜን ሳስቼለት ነበር።

የመንደሩ ሰው ገፋ፤ አልሆነም። ሴቶቹ ከየጓሯቸው እንሰት እየቆረጡ ከጎማው ሥር ነሰነሱልኝ። እንሰት እዚያ አገር ዝም ብሎ አይቆረጥም፤ ዓመታት ተጠብቆ የሚበላ የቤት ቀለብ ነው። ያን ሁሉ ጎማው ፈጭቶ ወደ ኋላ ተፋው። የሚቃጠለው ፍሪሲዮን ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ከአንድ ሰዓት በላይ እንዲህ ባከነ። አንጁሎ ውሃ፣ ውሃ ይል ነበር፤ ቆይቶ እሱንም ተወው።

አንድ አዛውንት መስኮቱ ጋ መጡ። "ልጄ፣ ቁርጡን ንገረን፤ ይወጣል?"

"አይወጣም፣ አባባ። ውስጡ ተሰብሯል።"

ወዲያው ቀርከሃ ቆርጠው ቃሬዛ ሠሩና ተሸክመውት በእግር ወረዱ። ተሸካሚዎቹ ሳይቆሙ፣ እየሮጡ ነው ትከሻ የሚቀያየሩት። አስቴር ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከኋላ ተከተለች።

እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ዝም ብሎ መቀመጥ ቢያስጠላኝ በተውልኝ ዶማ ጭቃውን መዛቅ ጀመርኩ። የቀኙ ጎማ መሃል ብቅ ሲል በመዳፌ ጠረግኩት። አልተቆለፈም። ኧረ ጉዴ! በሁለት ጣቴ ነው ያዞርኩት። ገብቼ ማርሹን አስገባሁ፤ መኪናው እንደ በሬ እያቃሰተ ከቦዩ ወጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ጡሩምባ እየነፋሁ ቁልቁል በረርኩ። አባያ ሐይቅ የሚታይበት መታጠፊያ ላይ ደረስኩባቸው። ቃሬዛው መሬት ላይ ተቀምጧል። ሕይወት ያለው ሰው ቢሆን ኖሮ አያስቀምጡትም ነበር። አንጁሎ ሞቷል።

ሬሳውን ጭኜ ያንኑ ጭቃ ሽቅብ ስወጣ መኪናው አንዴም አልተንሸራተተም። እኚያ አዛውንት አጠገቤ ተቀምጠው፣ ተሰብሯል ያልከው እንዴት ወጣ ብለው ጠየቁኝ። እግዜር ያውቃል አልኳቸው። በቀብሩ ላይ ሰው እኔን መያዝ እስኪያቅተው አለቀስኩ፤ ለቀስተኛው በደግነቴ ተደነቀ። ከዓመታት በኋላ አንድ ሐኪም ወዳጄን እንደ ዘበት ጠየቅኩት። ምናልባት ቢደርስ ይተርፍ ነበር፣ ምናልባትም አይተርፍም አለኝ። ገድለኸዋል ቢለኝ ይሻለኝ ነበር፤ ይሄ ምናልባት የሚሉት ነገር አያስተኛም።

አስቴር በየዓመቱ ለመስቀል ትጠራኛለች። ዘንድሮስ እነግራታለሁ እያልኩ እወጣለሁ፤ ሳልነግራት እወርዳለሁ። መንገር ለእሷ ይሁን ለራሴ እስካሁን ለይቼ አላውቅም። ለእሷ ከሆነ፣ ባሏን በከንቱ እንዳጣች በስተርጅና ማርዳት ምን ይጠቅማታል እላለሁ። ለእኔ ከሆነ ደግሞ፣ የኔን ሸክም ለምን እሷ ትሸከም? እንዲህ እያልኩ ነው ፈሪነቴን ጨዋነት የማስመስለው።

ባለፈው መስቀል እጄን ይዛ የልጅ ልጆቿ መሃል አቆመችኝ። "አያታችሁን ለማዳን እንደዚህ ሰው የደከመ የለም" አለቻቸው። "እንደሱ ያድርጋችሁ።"

ልጆቹ አሜን አሉ። እኔም አልኩ።