አልተማረም ያሉት ሠዓሊ

አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ያኔ ሪቻርድሰን ከተማ ባለ የቀለም መደብር ውስጥ ቀለም ቀላቃይ ነበርኩ። አንድ ሜክሲኳዊ የቤት ቀለም ቀቢ በየሳምንቱ እየመጣ፣ ተሳስቼ የቀላቀልኩትን ቀለም በርካሽ ይወስዳል። «ለምንህ ነው?» ስለው «ለሥዕል» አለኝ። የሚሠራበት ዋይሊ ከተማ የቤት ግንባታው ሲቀዘቅዝ እሱም ሥራ ፈታ። አንድ ቀን ቤቱ ወሰደኝ፤ ጋራዡ በሥዕል ተሞልቷል።

«ማን አስተማረህ?»

«ላይብረሪ።»

የሥዕል መጻሕፍት እየተዋሰ፣ እያየ እየሳለ ስድስት ዓመት ለፍቷል። እናቱ ጡብ ስትሠራ የኖረች ሴት ናት። የእሷን እጅ ብቻ ለመሳል የሞከረባቸው ወረቀቶች አንድ ካርቶን ሞልተዋል።

ፕሌኖ ከተማ ያለች የሥዕል ጋለሪ ባለቤት ሥዕሎቹን ወደደችና ኤግዚቢሽን አዘጋጀችለት። እንግሊዝኛው ብዙም ስላልሆነ ከሥራ ኦፍ ወስጄ አብሬው ሄድኩ። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «ምንም ሳይማር በደመ ነፍስ የሚስል የገጠር ሰው» ይላል። አነበብኩለት። ፊቱ ቀላ።

ሴትዮዋ ዘንድ ሄዶ ቀስ ብሎ፣ «ተምሬያለሁ» አላት። «ያስተማርኩት እኔው ራሴን ነው። ግን ተምሬያለሁ።»

ትከሻውን መታ መታ አድርጋ ወደ እንግዶቹ ዞረች። «ትሕትናው አይገርማችሁም?» ሁሉም ሳቁ።

ዲግሪዬን ይዤ ቀለም ስቀላቅል «ማንበብ ትችላለህ?» ያለኝ ደንበኛ ትዝ አለኝ። «የሰውዬውን የስድስት ዓመት ልፋት ነው የሰረዝሽው» አልኳት።

«ኦኬ፣ ግን ሰው የሚገዛው ታሪኩን ነው» አለችኝ፣ ሕፃን እንደምታባብል።

እሱ ወደ ግድግዳው ሄደ። የእናቱን እጆች ሥዕል አወረደ፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን፣ ከዚያም ሌላውን። አንዱ እንግዳ «ይሄም የዝግጅቱ አካል ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ልመታው ምንም አልቀረኝም። ሥዕሎቹን ሁሉ ተሸክመን መኪናዬ ውስጥ ጫንን።

በዓመቱ ሰፈሩ ያለ አንድ አዳራሽ ውስጥ ራሱ ኤግዚቢሽን ከፈተ። ስለራሱ የሚለውንም ራሱ ጻፈ፤ የተማረባቸውን መጻሕፍት ሳይቀር ዘረዘረ። የመጣው ሰው ጥቂት ነበር፤ ግን ከመጡት አንዱ ሥራ አዘዘው፣ ያም ሌላ አመጣ። ቀስ በቀስ የቤት ቀለሙን ትቶ በሥዕሉ መኖር ጀመረ።

በቅርቡ አንድ ጋዜጣ ስለሱ ጻፈ። «ሳይማር የተካነ» ይላል። ኮል አድርጌ ስነግረው ሳቀ። «ተዋቸው፤ የሥዕል ተማሪዎቼ እየጠበቁኝ ነው» አለኝ።

እኔ አልተውኳቸውም። ጋዜጣው ቢሮ ድረስ ሄጄ አርሙት አልኳቸው። እስካሁን አላረሙም።