የጸሎት መስመር አይዘጋም

ከየካ አባዶ መገናኛ ድረስ ታክሲ ውስጥ ሰው እንቅልፉን ሲለጥጥ፣ ሶሬቲ ስልኳ ላይ አቀርቅራ ፕሮግራም ስትገድል ትደርሳለች። አዎ፣ የኮምፒውተር ሰዎች መግደል ነው የሚሉት!

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያለው ቤተ ክርስቲያናቸው ድረ ገጹን ያስቀመጠው ብዙ ሰው በጋራ በተከራየው ሰርቨር ላይ ነው፤ ርካሽ ስለሆነ ባንድ ጊዜ የሚሠራው ፕሮግራም ቁጥር የተወሰነ ነው። ምእመን የጸሎት ርእስ በላከ ቁጥር አንድ ፕሮግራም ይነሳል፤ መልእክቱን ለጸላዮች ስልክ አድርሶ ዞር ማለት ነበረበት። የታባቱ ሊሄድ! እዚያው ይገተራል። የተገተሩት ሲበዙ ገጹ ድርግም ይላል። ያኔ ገጹን የምትጠብቀው ሶሬቲ የፕሮግራሞቹን ዝርዝር ከፍታ አንድ በአንድ ካላባረረቻቸው የሚደርስ መልእክት የለም። ሠርግ ብትሄድ፣ ለቅሶ ብትቀመጥ ስልኳ ከእጇ አይለይም። አንገሽግሿታል።

መጠገኑ አያቅታትም። «ጋሽ ገመዳ፣ ሁለት ቀን ይዘጋልኝና ልጠግነው» ብላ የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌ ለምናቸው ነበር።

«በሁለቱ ቀን የሚሞት ሰው ቢኖርስ፣ ልጄ?» አሏት። ጥገናው በዚያው ቀረ።

አሁን ግን በስንት መከራ መገናኛ አካባቢ የደንበኞች ጥሪ መቀበያ ቢሮ ሥራ አገኘች። ሰኞ ትጀምራለች፤ እዚያ ስልክ በር ላይ ሳይቀመጥ አይገባም። እሑድ «በቃኝ፣ ሌላ ሰው ይፈለግ» ልትላቸው ቆርጣ ዳገቱን ወጣች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነበር…»

«እኔም ስፈልግሽ! ነይ እስቲ» አሉና እጇን ይዘው መድረክ ላይ አወጧት። «ይህች ልጅ ባትኖር የእህት አባይነሽ ሕመም ለጸሎት አይደርስም ነበር። ይኸው ዛሬ በእግሯ መጥታለች!»

ጉባኤው እልልታውን አቀለጠው። አባይነሽ እያለቀሰች መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ጋሽ ገመዳ እጃቸውን ሶሬቲ ላይ ጭነው «ዕድሜ ልኳን ታገልግልህ» ብለው ጸለዩ። ሶሬቲ ልትጮህ ምንም አልቀራት።

«አሜን» አለች።

ሰኞ ጠዋት የቢሮው ጥበቃ የስልክ ማስቀመጫውን ሳጥን አቀረበችላት። ስልኩ እጇ ላይ ነዘረ፤ ገጹ ወድቋል።

«እህት፣ ትገቢያለሽ ወይስ?» አለች ጥበቃዋ። ከኋላ ሰልፉ ይገፋል።

ሶሬቲ ስልኳን ጨብጣ ወደ ጎን ፈቀቅ አለች።

«እናንተ እለፉ።»