ሱባኤውን ያስቋረጥሁበት ሰው

ይህ የደረሰው በደርግ የመጨረሻ ዓመታት፣ በፍልሰታ ጾም ነው። ዛሬ ያ መንግሥት የለም፤ እኔም በዳንግላ ጎዳና ማንንም ሳልሸሽ እሄዳለሁ። ሆኖም «በሕይወትህ የበደልኸው ሰው አለ ወይ?» ተብዬ ብጠየቅ፣ ከዚያ ሰው በፊት የምጠራው ስም የለኝም። እስካሁን ለማንም በዝርዝር አልተናገርሁትም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት በምጠብቅበት ጊዜ የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ በርትቶ ነበር። ወጣት ከገበያ ይታፈሳል፤ ከኳስ ሜዳ ይታፈሳል፤ ከሠርግ ዳስ ሳይቀር ይወሰዳል። እናቴ የነፍስ አባታችንን አማክራ፣ ከእንጅባራ ወዲያ በጫካ መካከል ወዳለ አንድ ገዳም ሰደደችኝ። በፍልሰታ ሱባኤ የሚገባው ሰው ብዙ ስለሆነ፣ አንድ ወጣት ቢጨመር ልብ የሚለው የለም ተብሎ ነበር።

እንግዳ የሚቀበሉት አባ ወልደ ማርያም የጠየቁኝ የክርስትና ስሜን ብቻ ነው።

«ሌላውን አልጠይቅህም» አሉኝ። «በአርምሞ የገባን ሰው ከየት መጣህ፣ ጉዳይህስ ምንድን ነው አይባልም። ጉዳዩን የሚለምነው አምላክ ያውቀዋል። አንተም ማንንም አትጠይቅ። ምላስህን እሰር፣ ሽምብራህን ቆርጥም፣ ስገድ።»

ማደሪያችን ከቀርከሃ የተሠራ፣ በጠባብ በጠባቡ የተከፈለ ረጅም ቤት ነበር። ዝናቡ አያባራም። መጽሐፍ ይዤ መግባት ስላልተፈቀደልኝ፣ ከጸሎት የተረፈኝን ጊዜ ቀደም ሲል ያነበብኋቸውን የስለላ ታሪኮች በልቤ እየደገምሁ አሳልፈው ነበር። ይህ ልማድ ለጸሎት የሚበጅ እንዳልነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ከእኔ ቀጥሎ ባለው ክፍል አንድ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ነበር። ነጠላውን የሚያጣፋው አሮጌ የወታደር ካፖርት ላይ ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ለስግደት ስንወጣ፣ ዐይኑ እኔ ላይ ማረፉን አስተዋልሁ። ቀና ስል ዐይኑን ይሰብራል፤ ሳቀረቅር መልሶ ያየኛል። በሦስተኛው ቀን ከደረሰው ሽምብራ ግማሹን በቅጠል አድርጎ በሬ ላይ አኖረልኝ። አልበላሁትም። ሊያላምደኝ ነው ብዬ ጠረጠርሁ።

ጥርጣሬዬን ያጸናው ግን ማስታወሻ ደብተሩ ነው። ከኪዳን መልስ ከካፖርቱ ኪስ ያወጣዋል፤ በጣቱ መስመር እየተከተለ ከንፈሩን ያነቃንቃል፤ ቀና ብሎ እኔን ያየኛል፤ ደግሞ ወደ ደብተሩ ይመለሳል። ስም እያመሳከረ እንደሆነ አንዳች አልተጠራጠርሁም።

በሰባተኛው ቀን ውኃ ሊቀዳ ሲወርድ ደብተሩን መደቡ ላይ ረሳው። ወደ ኋላ ታጥፎ አንድ ገጹ ብቻ ይታያል። ወደ ክፍሉ ገባ ብዬ ቆሜ፣ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ፣ አንገቴን አስግጌ አነበብሁ። በመሠረተ ትምህርት የተማረ ገበሬ በሚጽፋቸው ትልልቅና ተንጋደው በቆሙ ፊደላት የወጣቶች ስም ተደርድሯል። በእያንዳንዱ ስም አንጻር ዕድሜ አለ፤ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ። ከዕድሜው ቀጥሎ ቀበሌ አለ፤ ከአዘና፣ ከግምጃ ቤት፣ ከጥሊሊ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ወደ አባ ወልደ ማርያም ሮጥሁ።

«አባ፣ ይፍቱኝ፤ አርምሞዬን አፈረስሁ።»

«ምን ቆርጦህ?»

«ያ ባለ ካፖርቱ ሰው የቀበሌ ሰው ነው። ወጣት ሊያስለቅም የመጣ ነው።»

«ኧረ በስመ አብ በል! እናንተ ተማሪዎች ጥላችሁም ካድሬ ይመስላችኋል።»

«ዝርዝሩን በዐይኔ አይቻለሁ፣ አባ። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ።»

ፈገግታቸው ጠፋ። በዚያ ገዳም አፈሳን ሸሽተው፣ ጢም ሳያበቅሉ ቆብ የደፉ ወጣቶች ጥቂት እንዳልነበሩ እሳቸው ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ።

«ገልጠህ አየኸው?»

«የሰው ንብረት አልነካም» አልሁ። በዚህ መልሴ ኮርቼ እንደነበር አልደብቅም።

አባ ወደ አበምኔቱ ገቡ። በማግሥቱ ጠዋት፣ በስምንተኛው ቀን፣ ወደ ሰውየው ክፍል መጡ። እኔ በቀርከሃው ስንጥቅ አያለሁ።

«ወንድሜ፣ ሱባኤው እዚህ ላይ ይብቃህ ተብሏል። በሰላም ወደ ቤትህ ግባ» አሉት።

ሰውየው ቀጥ ብሎ ቆመ። አንድ ቃል እንኳ አልመለሰም። ለምን ብሎ በእጁም አልጠየቀም። አርምሞ ላይ ነበርና አፉን በመዳፉ ከደነ። ፊቱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መልሶ መሬት ሳመ፤ በትሩን አነሣ፤ በዝናቡ ውስጥ ቁልቁል ወረደ። ዝምታውን የጥፋተኛ ዝምታ ነው ብዬ ተረጐምሁት። ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚያን ቀን በሰላም ተኝቼ አላውቅም።

አራት ቀን አለፈ። አባ ወልደ ማርያም «ከዚያ ሰው ቤት ሰው መጥቷል» ብለው ጠሩኝና ወደ ገዳሙ በር ይዘውኝ ወረዱ። ሴት ከበሩ ስለማታልፍ፣ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ከውጭ ዛፍ ሥር ተጠልላ ቆማለች።

«የወንድሜን ልጅ ስም ከሙታን ጋር ላስጽፍ ነው የመጣሁ፣ አባቴ» አለች።

«መርዶ መጣላችሁ?»

«ከመንግሥትማ መቼ ይመጣል! ልጁ ከአዘና ገበያ ታፍሶ ከሄደ ሦስት ዓመቱ። ደብዳቤ የለ፣ የሞት ወረቀት የለ። ወንድሜ፣ አለኸኝ የሚባለው፣ ‹ልጄ ይሁኔ በሕይወት አለ ወይስ ሞቷል፣ ፈጣሪ ይንገረኝ› ብሎ ከእናንተ ዘንድ ሱባኤ ገባ። በስምንተኛው ቀን ውጣ ተባለ። ‹ጸሎቴ ተመለሰብኝ፤ ምላሼን አገኘሁ፤ ልጁ የለም› ብሎ መጣ። ይኸው ለቅሶ ተቀምጠናል።»

ከመቀነቷ ያንን ደብተር ፈትታ ለአባ ሰጠቻቸው።

«ይኼ ደግሞ የጎረቤት እናቶች አደራ ነው። ከእሱ ልጅ በኋላ የታፈሱ ናቸው። ‹የእነሱ ገና ነው፤ በሕያዋን ይጸለይላቸው› ይላል ወንድሜ።»

አባ ደብተሩን ዘረጉት። በግራ ያነበብሁት ገጽ ነበር፤ ዕድሜው የታፈሱበት ዕድሜ፣ ቀበሌው የእናቶቻቸው ቀበሌ ነው። እኔ ባላየሁት በቀኙ ገጽ፣ በእያንዳንዱ ልጅ ትይዩ፣ የክርስትና ስሙ ተጽፏል። ከላይ በዚያው የተንጋደደ ፊደል «አቤቱ ባሉበት ጠብቃቸው» ይላል።

ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ አባ ደብተሩን ዘግተው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንድ ቅጠል መግለጥ ከበደህ?» አሉኝ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለነገሩ እኔስ መቼ ጠየቅሁት?» አሉ።

ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፣ የገበያ ቀን ያልሆነ ቀን መርጬ፣ በጫካው መንገድ ወደ አዘና ወረድሁ። መንገድ ላይ ብታፈስ ብዬ አልፈራሁም ብል ዋሸሁ ማለት ነው። ነገር ግን አንድ አባት ከፈጣሪ መልስ አገኘሁ ብሎ በእኔ ቃል ልጁን ሲቀብር፣ ዝም ብሎ መቀመጥ የማልችለው ነገር ሆነብኝ።

አያ አለኸኝን ከጓሮው ድንች ሲቆፍር አገኘሁት። ትከሻው ላይ ጥቁር ጨርቅ ጥሏል። ቀና ብሎ ሲያየኝ ወዲያው ለየኝ።

«አንተ ሽምብራ የማትበላው!» አለኝ። ድምፁን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። «ልጄን በመልክ ባትመስለውም አረማመድህ እሱን ነው። ዐይኔን ካንተ መንቀል አቅቶኝ ጸሎቴን ስታስፈታኝ ከረምህ።»

ቆሜ ሁሉንም ነገርሁት። ዶማውን ተደግፎ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«እንግዲያ ውጣ ያለኝ እግዜር አልነበረም?»

«አልነበረም፣ አያ። እኔ ነኝ።»

«ካድሬ መስዬህ?»

«አዎን።»

«ወይ አንተ! ካድሬ ቀለቡን ሲያካፍል የት አየህ?» ብሎ ሊስቅ ጀመረና ተወው። ወደ ቤቱ በር አየ። ድምፁን ቀነሰ።

«ስማኝ። እናቱ ሦስት ዓመት ሙሉ ማዕድ በቀረበ ቁጥር የእሱን ድርሻ ታነሣ ነበር። ውሻ በጮኸ ቁጥር ትወጣለች። አሁን አለቀሰች፤ እርሟን አወጣች፤ እንቅልፍ ያዛት። እኔ ገብቼ፣ ‹አንቺ፣ ልጅሽ አልሞተ ይሆናል፣ ተነሺና እንደገና ጠብቂ› ልበላት?»

ጎንበስ ብዬ የተቆፈረውን ድንች መልቀም ጀመርሁ።

«አትንገራት» አለኝ። «ለእኔ ነግረኸኛል፤ እኔ እጠብቀዋለሁ። በል አሁን ድንቹን ሳትይዝ አትሄድም። ደግሞ በጫካው ተመለስ፤ በመኪናው መንገድ እንዳትሄድ።»

ድንቹን በዚህ ጊዜ ተቀበልሁ። ይቅር በለኝ ለማለት ግን አፌን ስከፍት በእጁ ከለከለኝና ወደ ቁፋሮው ተመለሰ። ይቅር ይበለኝ አይበለኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ደርግ ወደቀ። የተበተነው ሠራዊት በእግሩም በመኪናም እየተግተለተለ በዳንግላ ሲያልፍ ከመንገድ ዳር ቆሜ ሰነበትሁ። ሸማ ለብሶ፣ ከሳ ብሎ የሚያልፈውን ሁሉ «የአዘና ሰው ነህ?» እያልሁ ጠየቅሁ። ሁለቱ አዎን አሉኝ። ይሁኔ የሚባል አልነበረም። አዘና ድረስ ሄዶ ለመጠየቅ ግን እስካሁን ድፍረት አላገኘሁም። ልጁ ሳይመለስ ቀርቶ ከሆነ፣ ያን አባት ብቻውን በስውር የሚጠብቅ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ተመልሶ ከሆነም፣ ከቤቱ በር ሲደርስ እናቱን ጥቁር ለብሳ እንዲያገኛት ያደረግሁት እኔው ነኝ። እንዲመለስ በየቀኑ እጸልያለሁ፤ የትኛውን ወሬ ይበልጥ እንደምፈራ ግን ለራሴም መናገር አልችልም።