ፍሬ የሌለው ሙዝ

ደሪቱ አዲስ አበባ ውስጥ፣ አያት አደባባይ አጠገብ የቅቤና የማር ሱቅ የከፈተችው የአባቷ የጤፍ ማሳ ላይ ኮንዶሚኒየም በበቀለ ዘመን ነው። አዳዲሶቹ ነዋሪዎች ዕቃቸውን አውርደው ሳይጨርሱ ቅቤ ይጠይቁ ነበርና፣ ሱቋ ቶሎ ሰው ለመደው።

አንድ የፋሲካ ሰሞን እኅቷን ልትጠይቅ ሱሉልታ ስትሄድ፣ ባሏ ጃለታ ገበያው አጓጓውና ቅቤው ውስጥ የበሰለ ሙዝ ለወሰበት። አንዲት ደንበኛ ስታነጥረው ቤቱ ሙዝ ሙዝ ሸተተ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ።

ጃለታ ጥፋቱን አመነ። ዐቃቤ ሕጉ ግን፣ “የሱቁ ገቢ አንድ ነው፤ የዚያ ሰሞን ሽያጭ በሙሉ ይወረስ” አለ። ያ ከሆነ ሱቁ መዘጋቱ ነው። ደሪቱ የነጠላዋን ጫፍ እያፍተለተለች ተቀመጠች።

ዳኛዋ አስጠሯት። “እናቴ፣ የወንጀሉ ፍሬ የት ነው ያለው?”

ደሪቱ ግራ ገባት። “ሙዝ እኮ ፍሬ የለውም፣ ክብርት ዳኛ። ልጣጩንም የጎረቤት በግ በልቶታል።”

ችሎቱ በሳቅ ተሞላ። ዳኛዋም ፈገግታቸውን መዋጥ አቃታቸው። “የወንጀል ፍሬ ማለት ከጥፋቱ የተገኘው ገንዘብ ነው።”

“እሱማ ፖሊስ ከያዛቸው ጣሳዎች በአንዱ ነው። የማር እጅ ይጣበቃል፣ የቅቤ እጅ ያሟልጫል። ሁለቱን ገንዘብ አንድ ላይ አላስቀምጥም።”

“እርስዎ በሌሉበትስ?”

“ቅቤዬን ደፈረ እንጂ ደንቤን አልደፈረም” አለች፣ ወደ ጃለታ ሳታይ።

ጃለታ አንገቱን ደፋ። ጣሳዎቹ ሲቀርቡ፣ የአንዱ ብር እርስ በርሱ ተጣብቋል፤ የሌላው ወዝ ጠግቧል።

ዳኛዋ፣ ማሩ ከጥፋቱ ጋር ስለማይገናኝ ገንዘቡ እንዲመለስ፣ የቅቤው ሽያጭ ግን እንዲወረስ ወሰኑ። ጃለታ እጁን አወጣ።

“የሙዙ መግዣስ አይቀነስልኝም?”

“ለጥፋት ያወጡት ወጪ አይቀነስም።”

“ደህና ሙዝ ነበር እኮ” አለ ሲቀመጥ።

“ዝም በል፣ አንተ ሰውዬ” አለች ደሪቱ፤ ግን እሷም ሳቋ መጣ።

በማሩ ገንዘብ ሱቁ ዳግም ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ቅቤው ከመመዘኑ በፊት ጃለታ ደንበኛው ፊት ቆንጠር አድርጎ ይውጣል። ይህን የፈረደችበት ደሪቱ ናት። ቦርጩን አይተው የሚቀልዱበት ደንበኞች፣ “ጃለታ፣ ዛሬስ ፍሬ አለው?” ይሉታል። እሱ ይውጣል፣ እሷ ትመዝናለች።