ያልታረሙ ደብተሮች

ክፍሉ የማዳበሪያ መጋዘን እንደነበር የነገረኝ ሽታው ነው። ጆንያ ተደግፎበት የኖረው ግድግዳ እስከ ወገብ ድረስ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። መስኮት የለውም፤ ከጣሪያው ሥር ሁለት ብሎኬት ሳይሞላ የቀረ ክፍተት አለ። በዚያ በኩል ትንሽ ብርሃንና የባጃጅ ድምፅ ይገባል። ስድስት ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። ስገባ ሁሉም እግራቸውን ሰበሰቡልኝ። ቦታ ሳይኖራቸው ቦታ መስጠታቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

የያዙኝ ጠዋት፣ ክፍል ውስጥ ነው። ሁለት ሆነው መጡ። አልጮኹም፣ አልገፈተሩኝም። አንደኛው በሩ ላይ ቆሞ «መምህር፣ ለአንድ ጉዳይ ትፈለጋለህ» አለ። ሁለተኛው ጠረጴዛዬ ላይ የተቆለሉትን ደብተሮች አቅፎ ወጣ። ሠላሳ ስምንት የአሥረኛ ክፍል ደብተሮች ነበሩ። የሰበሰብኳቸው ያን ዕለት ጠዋት ስለሆነ አንዱንም አላረምኩም። መኪናው ላይ ስወጣ ጠመኔው ገና ከእጄ አልወጣም ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። ጭሮ ውስጥ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ ቤታቸው የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛን የሚያገኙት ከሱቅ፣ ከመናኸሪያና ከእኔ ክፍል ነው። መማሪያው ላይ ያሉት ምንባቦች ስለ ንጽሕናና ስለ ጊዜ አጠቃቀም ናቸው። ልጆቹ እያነበቡ ያዛጋሉ። እስቲ ሌላ ነገር ልሞክር ብዬ ራሴ የጻፍኩትን አጭር ታሪክ አባዝቼ ሰጠኋቸው። የእኔ መሆኑን ግን አልነገርኳቸውም።

ታሪኩ ስለ አንድ ሽማግሌ ነው። አንድ ጉልበተኛ ሰው የጎረቤቱን የድንበር ድንጋይ ነቅሎ ያሻግራል። ድንጋዩ መጀመሪያ ሲተከል ከነበሩት በሕይወት የቀረው ሽማግሌው ብቻ ነው። ሸንጎው ሦስት ጊዜ ይጠይቀዋል። ሦስቱንም ጊዜ «አላስታውስም» ይላል። ተበዳዩ በሬውን ሸጦ አገር ጥሎ ይሄዳል። በቃ፣ ይኸው ነው። ከታች አንድ ጥያቄ ጻፍኩ፤ «ሽማግሌው አላስታውስም ያለው ለምንድን ነው?»

የትምህርት ክፍሉ ተጠሪ ወረቀቱን አይቶ «ይሄ ለዩኒቨርሲቲ ነው» ብሎኝ ነበር። «እነዚህ ገና ልጆች ናቸው። እንኳን ምሥጢሩ፣ አማርኛውም አልገባቸው።» እውነቱን ለመናገር እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም። ይገባቸው እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነው የሰጠኋቸው።

በዚያው ሰሞን ከከተማው ወጣ ብለው ባሉ ቀበሌዎች የመሬት ጠብ ተነሥቶ ወጣቶች ይታፈሱ ነበር። «መምህሩ ስለ ድንበር ያስተምራል» ብሎ የነገረ ሰው አለ። ማን እንደሆነ አላወቅሁም፤ ለማወቅም አልሞከርኩም።

በማግስቱ መርማሪው ዘንድ አቀረቡኝ። በእኔ ዕድሜ ያለ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚነጋገር ሰው ነው። የታሪኩ ቅጂ ፊቱ ተዘርግቷል።

«ይሄን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

ቀና ብሎ አየኝ። የሌላ ሰው ስም እስክጠራለት ሲጠብቅ የነበረ ይመስለኛል።

«በየቀበሌው ልጆች በድንበር ሲደባደቡ አንተ ስለ ድንበር ድንጋይ ታስተምራለህ።»

«ታሪኩ ስለ አንድ ፈሪ ሰው ነው» አልኩት።

ወረቀቱን ገለጠ። ቀጥሎ የጠየቀኝ ያልጠበቅሁትን ነው።

«ልጆቹ ይሄ ገብቷቸዋል?»

የምርመራ ጥያቄ አልመሰለኝም። ተጠሪው ያነሣው፣ እኔም ራሴን ስጠይቅ የሰነበትኩት ጥያቄ ነው።

«አላውቅም» አልኩት። «ደብተሮቹን ሳላርም ወሰዳችሁብኝ።»

ከዚያ ነገሩን እንደ ሒሳብ መምህር አስረዳኝ። ከገባቸው ቀስቅሻቸዋለሁ ማለት ነው፤ ያ ወንጀል ነው። ካልገባቸው ግን የማይመጥናቸውን ነገር አስተምሬያለሁ፤ ያ የሥራ ጥፋት ነው፣ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኝ እወጣለሁ። ወረቀቱን አስቀድሞ አስተይቦታል። «ጽሑፉ ለተማሪዎቹ ዕድሜ የማይመጥን እንደነበረና ተማሪዎቹም ምንም እንዳልተረዱት አረጋግጣለሁ» ይላል።

«ፈርምና ምሳህን ቤትህ ብላ» አለኝ።

እስከ ነገ ላስብበት አልኩት። ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ክፍሉ መለሰኝ።

ምሳ ከቤት መጥቶልኝ ነበር። የእንጀራው ጠርዝ ተቆርሷል፤ በር ላይ ባለቤቴን አስቀምሰዋት ነው። እሷን አላየኋትም። የቆረሰችበትን ጎን ለብቻው በላሁት።

አጠገቤ የሚቀመጡት የሂርና ከተማ ጫት ነጋዴ ነበሩ፤ ሥልሳ ያለፋቸው ሰው። ሁላችንም «ሐጂ» እንላቸዋለን። ለምን እንደታሰሩ ብጠይቃቸው «እኔም እየጠበቅሁ ነው፣ ሲነግሩኝ እነግርሃለሁ» ብለውኛል። ውጭ የጫት አይሱዙዎች ጥሩምባቸውን እያንባረቁ ሲያልፉ ጆሯቸውን ያቆማሉ። «ይሄኛው ዘግይቷል፣ ጫቱ ይጠወልግበታል» ይላሉ፤ ለማያውቁት ሹፌር ያዝናሉ።

እኔን «በርሲሳ» ይሉኛል፣ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው።

«በርሲሳ፣ እስቲ ያሳሰረህን ተረት ንገረኝ» አሉኝ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ።

ነገርኳቸው። ሌሎቹም ወሬያቸውን ትተው አዳመጡ። አንዱ «ሽማግሌው ጉቦ በልቷል» አለ። ሌላው «የለም፣ ዘመዱ ነው ጉልበተኛው» አለ። ለጥቂት ጊዜ እስር ቤት መሆናችንን ረስተን ስለማይኖር ሰው ተከራከርን።

«ተማሪዎቹ ስንት ዓመታቸው ነው?» አሉ ሐጂ።

«አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት።»

«እኔ በአሥራ ስድስቴ አግብቼ ነበር።» ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ልጅ ያየው ነገር ሁሉ ይገባዋል። የሚቸግረው ስሙን ማወቅ ነው። አንተ ስሙን ነው የምታስተምረው።»

«ታዲያ ልፈርም ወይስ አልፈርም፣ ሐጂ? እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?»

ጣታቸውን ወለሉ ላይ አመላለሱ።

«ከፈረምክ ልጆቹን ደንቆሮ ናቸው አልክ። አልፈርምም ካልክ ደግሞ ገብቷቸዋል ማለትህ ነው፣ ነገ እነሱን ይጠሯቸዋል። ወላሂ ከባድ ነው። እኔ አላውቅም።»

ሁለተኛውን አላሰብኩበትም ነበር። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ጉዳዩ የእኔ ክብር ብቻ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የልጆቹ ፊት ተራ በተራ ይመጣብኝ ጀመር፤ ያ መጋዘን፣ ያ ግድግዳ፣ ከሥሩም እነሱ ተደርድረው።

በሦስተኛው ቀን መርማሪው ፊት ስቀርብ «ከመፈረሜ በፊት ደብተሮቹን ላንብባቸው» አልኩት። «አልተረዱም ለማለት እኮ መጀመሪያ ማየት አለብኝ።»

«እዚሁ፣ ከፊቴ» አለ። ቁልሉን ገፋ አደረገልኝ።

ማንበብ ስጀምር፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ፍርሃቱ ቀለለኝ። መምህር የተማሪ ደብተር ሲገልጥ የትም ቢሆን ክፍሉ ውስጥ ነው። አብዛኞቹ «ሽማግሌው አርጅቷል፣ ስለዚህ ረሳ» ብለው ጽፈዋል። ሁለት ጎረቤታሞች አንዱ ከሌላው ገልብጠዋል፤ ያው ስህተት በዚያው ቦታ ነው። አንዱ መልሱን ትቶ ባጃጅ ሥሏል፣ ጎማውን ሳይቀር አሳምሮ። አንዱ ደግሞ «አላስታውስም ያለው ስላስታወሰ ነው» ብቻ ብሎ አንድ መስመር ጽፎ አቁሟል። እዚያ ላይ ቆም አልኩ።

ከመካከል አንድ የሴት ልጅ ደብተር አገኘሁ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የምትቀመጥ፣ ስሟ ሲጠራ «አቤት» ከማለት በቀር ድምፅዋን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ ናት። አማርኛዋ ይሰናከላል፣ አንዱንና ብዙውን ታምታታለች። የጻፈችው እንደዚህ ነው፤

«ሽማግሌውን ሰው ሁሉ ጠየቀው። ምን አየህ ብለው ጠየቀው። ፈራህ ወይ ብሎ ማንም አልጠየቀም። እኔ ዳኛ ብሆን መጀመሪያ እሱን እጠይቃለሁ።»

ደግሜ አነበብኩት።

ሽማግሌው አባቴ ናቸው። በታሪኩ ላይ አስረጀኋቸው እንጂ ያኔ ገና ጎልማሳ ነበሩ። ነገሩ የተፈጸመው ገለምሶ አጠገብ፣ እኔ ነፍስ ሳላውቅ ነው። ሳድግ የሰፈር ልጆች «የአላስታውስም ልጅ» እያሉ ይጠሩኝ ነበር። ታሪኩን የጻፍኩት አባቴን ልወቅስ ነው፤ ወቅሼም ጨርሼ ነበር። አርባ ዓመት እስኪሞላኝ ያልጠየቅሁትን አንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጅ በአራት መስመር ጠየቀችው።

«ምን አገኘህ?» አለ መርማሪው። ፊቴ ላይ አይቶ ይሆናል። እጁን ዘረጋ።

ደብተሩን ለመስጠት እጄ ዘገየ። ግን ሦስት ቀን ሙሉ እሱው ቢሮ የሰነበተ ደብተር ነው፤ ብደብቀው የባሰ ይሆናል። ሰጠሁት። መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አነበበ። ውጭ አንድ ሰው ጀሪካን እየጎተተ ሲያልፍ ይሰማል።

«ስንት ትሰጣታለህ?» አለኝ።

የምሰጠው ነጥብ ማስረጃ እንደሚሆን ገባኝ። አሥር ብል ገብቷታል ማለት ነው። ሁለት ብል አድናታለሁ፤ ግን ይህን መልስ የጻፈችን ልጅ ሁለት ማለት ከአፌ አልወጣ አለ።

«እርስዎስ ስንት ይሰጧት ነበር?» አልኩት።

ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። እንደገና አነበበው።

«ሆሄያቱ ላይ ብዙ ስህተት አለ።»

«አለ።»

«ስምንት» አለ። ወዲያው የት እንዳለ ትዝ እንዳለው ሁሉ ደብተሩን ዘጋና ከቁልሉ ሥር፣ ከሁሉም በታች ከተተው። ቀና ሳይል የተተየበውን ወረቀት ወደ እኔ ገፋው።

«ፈርም።»

እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። «ተማሪዎቹም ምንም እንዳልተረዱት» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዝኩት። ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «ታሪኩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ደብተር እስካርም ድረስ እኔም አልተረዳሁትም ነበር።» ስሜን እስከ አያቴ ጽፌ ፈረምኩ።

አነበበው።

«ይሄ ቀልድ ነው» አለ።

«እውነት ነው።»

«በዚህ አትወጣም።»

«አውቃለሁ» አልኩት።

ዘጠኝ ቀን ጨመርኩ። ሐጂ በአራተኛው ቀን ተጠርተው ወጡ፤ ለምን እንደታሰሩ ሳይነገራቸው፣ ለእኔም ሳይነግሩኝ። ሲወጡ ጋቢያቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገውልኝ ሄዱ። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት አንድ ጠባቂ በሩን ከፍቶ «መምህር፣ ዕቃህን ያዝ» አለኝ። ደብተሮቹንም መለሱልኝ። ቆጠርኳቸው፤ ሠላሳ ስምንት ናቸው። ከተማሪዎቹ አንድም የተጠራ የለም። ለምን እንዳልጠሯቸው የነገረኝ ሰው የለም፤ የምገምተው ነገር ግን አለ።

ቤት ገብቼ አረምኳቸው። ለልጅቷ ዘጠኝ ሰጠኋት።

በሳምንቱ መጨረሻ በሚኒባስ ገለምሶ ሄድኩ። አባቴ ከጎረቤት ሱቅ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። መታሰሬን ሰምተዋል፤ ፊቴን በመዳፋቸው ዳበሱኝ። ጎናቸው ተቀምጬ ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ያኔ ሸንጎው ሲጠይቅዎ ፈርተው ነበር?»

የቱን «ያኔ» እንደምል አልጠየቁኝም።

«ድንጋዩን የነቀለው ሰውዬ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ነበር የተቀመጠው» አሉ መንገዱን እያዩ። «እናትህ ከኋላው ቆማለች። አንተ ጀርባዋ ላይ ነበርክ።»

ከዚያ ሻይ እንዲያመጡልኝ ወደ ሱቁ ተጣሩ።

ዛሬም እዚያው ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። አዳዲስ መምህራን አንዳንዴ ለልጆች የምሰጠውን ጽሑፍ አይተው «ይሄ አይከብዳቸውም?» ይሉኛል። ይከብዳቸዋል እላለሁ። እኔንም ከብዶኝ ነበር።

ልጅቷ ትምህርቷን ጨርሳ ከከተማው ወጥታለች፤ የት እንዳለች አላውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ፊት ለፊቴ ስትቀመጥ፣ መልሷ የት ቦታ እንደተነበበ፣ እኔንና አባቴን ምን እንዳደረገን አልነገርኳትም። ያኔ ለራሷ ደኅንነት ብዬ ነው እል ነበር። አሁን ሳስበው ግን ገና ልጅ ናት፣ አይገባትም ብዬም ይሆናል።