ምን አገባችሁ፣ የኑርጃን ውሻ

ያኔ መካነ ሰላም አስፋልት አታውቅም። ወደ ደሴ የሚሄደው አውቶቡስ ጎህ ሳይቀድ ጡሩንባውን እየነፋ ከተማውን ሁሉ ቀስቅሶ ነበር የሚነሳ። አይ ጊዜ! የኑርጃን ግቢ ከመስጊዱ በታች ነበር፤ በሩ ላይ ደግሞ አንድ ቡላ ውሻ አይጠፋም። ስሙ «ምን አገባችሁ» ይባላል።

ስሙን ያወጡለት ባሏ ሸህ አብዱልጀሊል ናቸው፤ በአክብሮት «ሸኾቹ» ነበር የምንላቸው። በኛ አገር የውሻ ስም የሚወጣው ጎረቤት እንዲሰማው ነው። «ቁርኣን እያስቀሩ፣ ልጅ እያስተማሩ ውሻ ያሳድራሉ» እያለ ሰፈሩ ሲያማቸው ሸኾቹ «ለከብት ጥበቃ ተፈቅዷል» ብለው አስረዱ። የሚሰማ ሲጠፋ፣ በራፍ ላይ ቆመው «ምን አገባችሁ! ና!» እያሉ ይጣሩ ጀመር። ሰፈሩ ሳቀ፤ ሐሜቱም በረደ። ጨዋታ አዋቂ ነበሩ፣ አላህ ይማራቸውና።

ኑርጃን ግን ከውሻው ጋር ኮከባቸው አልገጠመም። ምራቁ የነካውን ሁሉ ሰባት ጊዜ ታጥባለች፤ ከሰባቱ አንዱ በአፈር ነው፣ ደንቡ እንዲያ ነዋ። ለዚሁ ብላ በወንፊት የነፋችውን ቀይ አፈር በተሸረፈ ገንቦ ሞልታ በር ጥግ አስቀምጣለች።

አንድ ክረምት ውሻው የሸኾቹን ሆድ ማሽተት አበዛ። ያባርሩታል፣ ተመልሶ አፍንጫውን እዚያው ይደፋል። «ምን ሸቶት ነው? ቅቤ አልተቀባሁ!» እያሉ ይስቁ ነበር። ቆይቶ ሆዳቸው አበጠ። ደሴ ሲወሰዱ «የጉበት ነቀርሳ ነው፤ ዘግይታችኋል» ተባለ። ረመዳን ሳይገባ አረፉ። ኑርጃንም አንድ ነገር በልቧ ያዘች፤ ሞቱን የጠራው ይሄ ሟርተኛ ውሻ ነው።

ዓመት ዞሮ፣ አንድ ጠዋት ለሶላት ልትታጠብ ውዱእ ማድረጊያ ድንጋዩዋ ላይ ቁጭ ብላ ሳለች፣ ውሻው መጣና አፍንጫውን ግራ ጡቷ ላይ ለጠፈ። «ያ ረቢ! አሁን ደግሞ እኔን?» ብላ በዱላ አባረረችው። በነጋታው መጣ፣ እዚያችው ቦታ። በሠልስቱም መጣ። እንቅልፍ አጣች፤ መሞቷ ነው ብላ አመነች።

ከወንዙ ማዶ የሚኖረው ጋሹ የሸኾቹ የጥንት ወዳጅ ነው፤ ለመውሊድ እሱ ይመጣል፣ ለጥምቀት እነሱ ይሄዳሉ። እሱን አስጠራችው።

«አያ ጋሹ፣ በአላህ ይሁንብህ፣ ይሄን ውሻ ከዓይኔ አርቅልኝ።»

«ወላሂ፣ የሸኾቹን ውሻ እታለም?» አለ ጋሹ። ፊቷን ሲያይ ግን እምቢ ማለት አልሆነለትም፤ በገመድ አስሮ ወሰደው።

ምን አገባችሁን ወንዝ ያስቀረዋል እንዴ! ጁምዓ ጠዋት ገመዱን በጥርሱ በጥሶ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ከች አለ። ዘሎ ኑርጃን ደረት ላይ ወጣና ቀሚሷን እስከ ገላዋ በምራቁ አራሰው። እሷ ጮኸች፤ ከጅዳ የተመለሰችው ልጇ ሱሀይላ ፍልጥ ይዛ እየሮጠች አስወጣችው።

ኑርጃን እያጉረመረመች ጓሮ ገባች፣ ልትታጠብ። ከገንቦው አፈር ዘግና ገላዋን ታሽ ጀመር። ሳሙና ያንሸራትታል፤ እርጥብ አፈር ግን እጅን ቀስ ያሰኛል። እጇ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ከግራ ጡቷ ሥር ባቄላ የምታህል ጠጣር ነገር አለች። ብትጫናት አላመማትም፣ ንቅንቅም አላለች። ውሻው ሁልጊዜ የሚያሸታት ቦታ ናት!

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ኑርጃን መች ደበቀች፣ አላወቀችም እንጂ። እዚያው አፈር እንደተቀባች ተቀመጠችና አለቀሰች። ለራሷ አይደለም፤ ለሸኾቹ ነው ያለቀሰችው። «ሲነግረን ነበር! ሱሀይላ፣ ሟርት አይደለም፣ የአባትሽንም ሲነግረን ነበር!»

ደሴ ሄዱ። ካንሰር መሆኑ ታወቀ፣ ጡቷም ተቆረጠ። «ሳይዛመት ደርሰዋል፤ እንዴት አወቁት?» አላት ሐኪሙ።

«ውሻዬ ነው።»

ሐኪሙ አልሳቀም። «በውጭ አገር ይሄን የሚያጠኑ እንዳሉ አንብቤያለሁ» አለ። «ግን እማማ፣ እሱን አምነው ቀጠሮዎን እንዳይተዉ።»

አልተወችም። ቁስሉ እንደጠገገ ግን መጀመሪያ የሄደችው ጋሹ ዘንድ ነው። ውሻውን የዚያን ጁምዓ ጋሹ መጥቶ መልሶ ወስዶት ነበር፤ ታስሯል። ፊት ለፊቱ ቁጭ አለችና ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ «እስቲ፣ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝና አሽትተኝ» አለችው። አሸተታት። ደረቷን ተወና እግሯ ላይ ተጋደመ። ኑርጃን «አልሐምዱሊላህ» ብላ ስቅስቅ አለች፤ ጋሹም ፊቱን አዞረ።

ውሻውን ይዛው ገባች፤ ከዚያ ወዲያ ጁምዓ ጠዋት ሁሉ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ትልና፣ እንደ ሸኾቹ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ምን አገባችሁ! ና!» ትላለች። ይመጣል፣ ያሸታል፣ ይሄዳል። እሷም «አንት ነጃሳ፣ አሁን ደግሞ ልታጠብ!» እያለች ወደ ገንቦዋ። ደጉ ዘመኗ ያ ነበር፤ እያጉረመረመች በሰላም የምታድርበት።

ውሻ እንደ ሰው አይከርም፤ አረጀና ሞተ። ኑርጃን ከግቢው ባሕር ዛፍ ሥር አስቀበረችው፤ ሰፈሩም አላማትም።

አንድ ጁምዓ ሱሀይላ በር ጥጉን ስትጠርግ ገንቦውን አነሳችው። «እማ፣ ይሄን አፈር ልድፋው? ውሻ የለን፣ ምን ያደርግልናል?»

ኑርጃን እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣለች። «ተይው፣ ገላዬን እዳብስበታለሁ» አለች። «ሐኪሙ የሚያየኝ ቀጠሮ ሲደርስ ነው። ውሻዬ ግን ሳልጠራውም ይመጣ ነበር፤ በዱላ እያባረርኩት እንኳ ይመጣ ነበር።»

ሱሀይላ ገንቦውን ወደ ቦታው መለሰችው።